ከካላንደሩ ኋላ ያለው ቀዳዳ

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ለንስሐ አባታቸው ኃጢአታቸውን ሲናገሩ፣ በጋራ የጭቃ ግድግዳችን ላይ በሹራብ መሥሪያ ቀዳዳ አበጅቼ አዳምጬአለሁ።

ከተማችን ማሻ ብርድ ናት። አንድ ቀን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚያስተዋውቅ ባለሙያ መጣና፣ ቤቴ ሙቀቱን በየት በየት እንደሚያባክን ልፈትሽ አለ። ጧፍ ለኩሶ ግድግዳውን ተከትሎ ሄደ፤ ነበልባሉ የሚወዛወዘው ንፋስ በሚገባበት ነው። ቀዳዳውን የሸፈንኩበት ካላንደር ጋ ሲደርስ ጭራሽ ጠፋ።

«ካላንደሩን ተወው፣ ይቀደዳል» አልኩት። እትዬ አስካለ ካወቁብኝ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ገለጠው። «ይኼስ?»

«አይጥ ናት።»

«ቁመቷ ልክ እንደ እርስዎ ነው» አለና ስንጥር ሰደደበት።

ስንጥሩ ሲንኮሻኮሽ ከወዲያ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ፤ «ጥሩዬ፣ ዛሬ እኮ አባ አይመጡም፤ በከንቱ አትቁሚ።»

እባካችሁ፣ እናንተም ይቅር በሉኝ።