መጋረጃ የለበሰው ሶላር

በፀሐይ ባትሪ የሚሞላ ሰርኪዩት አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ፀሐይ። ይህን የምለው ነገሩ ያልተዋጠላቸው ሰዎች ስለገጠሙኝ ነው።

ሥራዬ እንዲህ ያለ ሰርኪዩት መንደፍ ነው። ፀዳ ባለው ቤታችን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሽቦና ቦርድ ዘርግቼ ስነካካ እውላለሁ፤ ባለቤቴም "እኛስ የት እንብላ?" ማለቱን ከተወች ቆይታለች። በወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ላለ ጤና ኬላ፣ የክትባት ፍሪጅ የሚያሠራ ሶላር ግጠምልን ስባል ደስ አለኝ። የኬላው ባለሙያ፣ አገሩ ሁሉ ሲስተር የሚላት፣ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አቅፋ በሚኒባስ ነበር የምታመላልሰው። መኪናው በዘገየ ቁጥር በረዶው ይቀልጣል፣ ሕፃናቱም ሳይከተቡ ይመለሳሉ።

ተጨነቅሁበት። የወገራ ብርድ ቀልድ አያውቅምና ባትሪው በቅዝቃዜም በደንብ እንዲሞላ ሙቀት የሚለካ ነገር ጨመርኩበት። ሽቦ አገላብጦ ለሚቀጥል ሰው መከላከያ አበጀሁ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል የፍሪጁን ኃይል ቆርጦ ቀይ መብራት እንዲያበራ አደረግሁ። ደመናውንም መብረቁንም አሰብኩ። መጋረጃውን ግን አላሰብኩም።

ገጥመን በጨረስን ማግስት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መጡና ሶላሩን በትልቅ ቢጫ መጋረጃ አስሸፈኑት። የክብር እንግዳው ሳይመርቁት መታየት የለበትማ።

"ጌታዬ፣ ከተሸፈነ እኮ ባትሪው አይሞላም" አልኳቸው።

"ከእንግዳው በፊት እንግለጠው ነው የምትለው፣ ኢንጂነር?" አሉኝ፣ ነውር የተናገርኩ ይመስል።

"እንግዲያው ፍሪጁ ጠፍቶ ይቆይ።"

"እንግዳው ሙቅ ፍሪጅ ሊመርቁ ነው?"

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? እንግዳው አንዴ ስብሰባ ገጠማቸው፣ አንዴ ሥልጠና ገቡ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ሥልጠናው ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ፍሪጁ ባትሪውን ሲመጥ፣ ፀሐይዋም መጋረጃውን ስታደበዝዝ ከረመች። ሲስተር ደውላ "ቀዩ በራ" አለችኝ። ባዶውን የከረመ ባትሪ እንደሚሞት ለኃላፊው ብነግራቸው "አታሟርት" አሉኝ። በዚህ ላይ ፍሪጅ ያለው ኬላ ምን ያደርግለታል ብለው የበረዶ ሳጥኗን ወስደው ለሌላ ኬላ ሰጥተውባታል።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ። ሰው እንዲበዛ ተብሎ እናቶች "ክትባት አለ" ተብለው ተጠርተዋል። ድንኳን ተጥሏል፣ በግ ታርዷል። እንግዳው ስለ ፀሐይ ጸጋ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ እሳቸው ጥላ ሥር፣ እኛ ፀሐይ ላይ። ከዚያ መጋረጃውን ሳብ አደረጉና ገብተው ማብሪያውን ተጫኑ። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች።

"በራ!" አሉ ኃላፊው። ጭብጨባው ቀለጠ፣ እልልታውም ተከተለ። እንግዳው ከመብራቷ ጎን ቆመው ፎቶ ተነሡ። ባትሪው ዳግመኛ እንደማይነሣ የምናውቀው እኔና ሲስተር ብቻ ነበርን፤ እሷም ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

እንግዶቹ ወደ ድንኳኑ ሲያመሩ እናቶቹ ልጆቻቸውን ከጀርባቸው እያወረዱ ተሰለፉ። ሲስተር ፊታቸው ቆመች።

"ዛሬ ክትባት የለም፣ እናቶቼ። ፍሪጁ አይሠራም" አለቻቸው።

ከሩቅ ቀበሌ በሌሊት ተነሥታ የመጣች አንዲት እናት ልጇን እንደታቀፈች ቀና ብላ አየቻት።

"ታዲያ ምነው አጨበጨብን?" አለቻት።

ሴትዮዋ ልጇን መልሳ አዘለችና ቁልቁል መንገድ ጀመረች።