ቅቤ ነክቷት የማታውቅ ድስት

አምቦ፣ ዓርብ ጠዋት

የገና ጾም ከገባ ወዲህ አንድ ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። የንስሐ አባቴ ቁርጡን ነግረውኛል፤ ከወንድሜ ከተስፋዬ ሳልታረቅ ለገና መቁረብ የለም። እናታችን ባረፈች በአርባው፣ እሱ ጴንጤ ስለሆነ የተዝካር እህል አልቀምስም ብሎ ከድንኳኑ ወጥቶ ሄደ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ ሁለተኛ ቤትህን አልረግጥም፣ እህልህንም አልቀምስም አልኩት። ይኸው ሦስት ዓመት። አሁን ግን ቆርጫለሁ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ እንደምመጣ ደውዬለት፣ ወደ እንጭኒ ተነሣሁ።

የቆረጥኩት ለመታረቅ ነው እንጂ ለመብላት አይደለም። የሥጋና የቅቤ ወጥ በሚሠሩበት ድስት የጾም ወጥ ቢያቀርቡልኝስ? ዳቦና ቆሎ በምሳ ዕቃ አድርጌ ከቦርሳዬ ሥር ሸጎጥኩ።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን እያለ አምስት ሰው ጨመረብን።

ጊንጪ

ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። በስተግራ የጭልሞ ደን ጠቁሮ ይታያል። መኪናው ሲቆም ሙዝና ሳምቡሳ በየመስኮቱ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ ሙዝ ገምሰው ዘረጉልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም ነገርኳቸው። ወዴት ነሽ ሲሉኝ አፌ አላረፈም፣ የምሳ ዕቃዬን ነገር ሳይቀር ዘረገፍኩላቸው።

«አንድ ላይ እህል ካልቀመሳችሁ ምኑን ታረቃችሁት?» አሉኝ።

ሽማግሌ ባይሆኑ መልስ አላጣላቸውም ነበር። እስከ ሆለታ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እንጭኒ

ሆለታ ላይ መኪና ቀየርኩ። ታሪፉ ተጨምሯል ሲሉኝ ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ፣ ከፈልኩ። ሲሚንቶ ከጫኑ መኪኖች ኋላ እየተጎተትን እንጭኒ ደረስን። ባጃጁ በር ላይ ሲያወርደኝ ተስፋዬ ውጭ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ታናሼ እኮ ነው! መንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር በሙሉ ጠፋኝ።

በልጅነቱ እንደሚጠራኝ «እታበባ» ብሎ ተጠመጠመብኝ። ተላቀስን።

ባለቤቱ ጫልቱ ቦርሳዬን ተቀብላ ወደ ጓዳ አስገባችው። ለልጆቹ ምሳ አቀረበች፤ እሷና ተስፋዬ ግን ከእኔ ጋር ቁጭ አሉ። ለምን አትበሉም ብላቸው ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው አሉኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰብሉ አወራን፤ ስለ ተዝካሩ ማንም አላነሣም። ሰዓቱ ሲደርስ ምስር ወጥ ቀረበ። እጄ አልዘረጋ አለኝ። ጫልቱ አየችኝ፤ ወደ ጓዳ ሄዳ ወጡ የተሠራባትን ድስት ይዛ መጣች።

«ይቺ የእርስዎ ናት፣ እትዬ መሠረት። በተጣላችሁ ዓመት ተስፋዬ ነው የገዛት። ጾም በገባ ቁጥር ትመጣለች እያለ ያሳጥበኛል። ቅቤ ነክቷት አታውቅም።»

ተስፋዬ አንገቱን ደፋ። «አለመብላቴ እምነቴ ነው፣ እታበባ፤ እሱን አልመልሰውም። ሳልሰናበትሽ መሄዴ ግን ሲያቃጥለኝ ኖሯል» አለኝ።

እሳት የላስኩት ሴትዮ ጠቅልዬ አጎረስኩት፤ እሱም አጎረሰኝ። እንባዬ ወጡ ውስጥ ገባ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ አምቦ

አድሬ ተመለስኩ። ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ስፈታ ምሳ ዕቃዬ ከበደኝ። ከፈትኩት፤ ዳቦና ቆሎው የለም። በእንጀራ የተጠቀለለ ምስር ወጥ ሞልቶበታል። ለካ ጫልቱ አይታዋለች! አይታ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አፈርኩ። የጌታን ልደት በንጹሕ ልብ ልቀበል ብዬ ስነሣ፣ ከቦርሳዬ ሥር ያንን ቂም ቋጥሬ ነበር የሄድኩት።

ደወልኩላት።

«ዳቦዬን የት አደረስሽው?»

«ልጆቹ በሉት» አለችኝና ሳቀች። «ይጣፍጣል ብለዋል።»

ለገና ሁላችሁም እኔ ጋ ናችሁ አልኳት። ከዚያ እዚያው ቆሜ ምስሩን እስከ መጨረሻው በላሁት። ነገ የንስሐ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ለገና እቆርባለሁ።