ከቃሬዛው ራስጌ

ሰሃላ ውስጥ መኪና ይመጣልኛል ብሎ የሚጠብቅ በሽተኛ የለም፤ የሚያደርሰው ሰው ነው። ቃሬዛ መነሳቱን የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ትከሻውን ይሰጣል። ውባንቺ ግን ለሸክም የሚሆን ትከሻ የላትም፤ ቀጭን ናት። እሷ ከራስጌ እየሄደች፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እኅቴ» ትላለች። ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ አፏ አያርፍም።

«ውባንቺ ደግሞ ምን ተሸከመች?» ይላል ጎረቤቷ ጌታሰው። «ምላሷን!» ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ!

ለምን አብራ እንደምትሄድ ግን ነግራቸው አታውቅም። ድሮ እሷንም በምጥ ተሸክመዋት ነበር። ደጎች ናቸው፣ ልባቸው እስኪጠፋ ተሸከሟት፤ ግን ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ዝም ብለው። እሷም ዝምታውን ስትሰማ፣ «በቃ ሞቻለሁ፣ ሊቀብሩኝ ነው» ብላ ተስፋ ቆረጠች፤ ማማጡንም ተወችው። የበኩር ልጇ በዚያው ቀረ። ያን ቀን አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «አይዞሽ» ቢላት ኖሮ! እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ዘንድሮ ምጥ የጠናባት የገዛ ልጇ ጥሩሐረግ ሆነች። ውባንቺ እንደ ልማዷ ከራስጌ ቆማ አፏን ብትከፍት ቃሉ እምቢ አላት። ስንቱን ባዳ ሲያበረታ የኖረ አፍ ለልጇ ተሳሰረ እቴ! ዳገቱ መሃል ጥሩሐረግ ዓይኗን እንደ ጨፈነች፣ «እናቴ፣ አለሽ? ምነው ዝም አላችሁ?» አለች። ያው የድሮው ዝምታ ነው። የውባንቺ እንባ ብቻ ወረደ።

ይሄኔ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው ጌታሰው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «አይዞሽ! እናትሽ እዚሁ ናት፤ አይዞሽ የኔ ልጅ!» አለ። ከኋላ ያሉት ተቀበሉት። ትከሻ ሊቀይሩ ከማሳ ሮጠው የመጡትም ስሟን እንኳ ሳያውቁ «አይዞሽ!» አሉ። ከወንዙ ማዶ ማሽላ የሚያጭዱት ሳይቀሩ ቀና ብለው፣ «አይዞሽ! ማርያም ትድረስልሽ!» እያሉ ጮኹ። ወይ ጉድ! ውባንቺ ግራ ቀኙን እያየች ፈዘዘች። ብቻዋን ስትለው የኖረችው ቃል በዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ነበር እንዴ? የጥሩሐረግ እጅ የቃሬዛውን ጠርዝ ጨበጠ፤ እንደገና አማጠች።

ጤና ጣቢያ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ውባንቺ እልል ለማለት እንኳ ድምፅ አጣች። ጌታሰው ደጃፉ ላይ ተዘርሮ ያበጠ ትከሻውን እያሻሸ ነበር፤ ቀና ብሎ አያት።

«ዛሬስ ምላስሽንም ተሸከምንልሽ» አላት።