አያ ሙላው ዛሬ በስልክ ሳይጮሁ አወሩ

አያ ሙላው ዛሬ ቤይሩት ላለች ልጃቸው ደውለው በቀስታ አወሩ። በጆሮዬ ሰማሁ፤ እስካሁን ደስታዬ አልበረደልኝም።

ለማታውቋቸው፣ አያ ሙላው እንግዳ በበቅሎ ተራራው ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም የሚያወጡ የሰፈራችን ሰው ናቸው። እኔ አስጎብኚ ነኝ። ለልጃቸው ሲደውሉ ጩኸታቸው ተራራውን ይሞላዋል። «ባሕር ማዶ ናት እኮ፤ ቀስ ብዬ ባወራ እንዴት ይደርሳታል?» ይላሉ።

የዛሬዋ እንግዳችን ጡረታ የወጣች ፈረንጅ ናት። ዕድሜዋን የጨረሰችው መርከብ ላይ፣ የስልክ ገመድ ውቅያኖስ ወለል ላይ ስትዘረጋ ነው።

ድሮ ደብዳቤ በመርከብ ወራት ይፈጅ ነበር፤ አሁን ግን ድምፃችን ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ ባሕሩን በቅጽበት ይሻገራል አለችን። (በሳተላይት ነው እያልኩ ስንቱን እንግዳ እንዳሳሳትኩ አትጠይቁኝ።)

ስተረጉምላቸው አያ ሙላው በቅሎዋን አቆሙ። «ከፀጉር የቀጠነ? ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚያ ላይ ነው የምጮኸው?»

እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ እንደ ልማዳቸው ለሁላችንም እንዲሰማ ላውድ ላይ አድርገው። «ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ» አሉ፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ እንዳለ ሰው።

ልጅቷ ደነገጠች። «አባዬ፣ ምን ሆኑብኝ? አሞዎታል እንዴ?»

አያ ሙላው ክሩን ረሱት። «ደህና ነኝ» ሲሉ ጩኸታቸው ሙጃ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ያኔ ነው ልጅቷ የሳቀችው።

እናንተስ ቤት ባሕር ማዶ ሲደወል የሚጮኸው ማነው? ቀስ ብሎ ቢያወራ የምትደነግጡት?