ካፖርት ለባሿ ሴትዮ

ያስገቡኝ የቀበሌው የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ከስሚንቶው ስንጥቅ የጤፍ ብናኝ አልጠፋም። ከፍ ብላ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው አውቶቡስ ሲያጓራ ይሰማል። አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ የወሰዱኝ ከክፍል ነው፣ ጠመኔ እንደያዝኩ።

በሦስተኛው ሳምንት እህቴ መጽሐፍ ላከችልኝ፤ ሽፋኑን ገንጥላ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከአገልግሉ ሥር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ ከሦስት ተከታታይ ክፍሎች ሁለተኛው። ዘመኑ የፈረስ ጋሪ ዘመን ነው። መርማሪዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የሟቹን ካፖርት ለብሳ፣ ፒፓ እያጨሰች፣ ፖሊሶች ያላዩትን ታያለች። መጽሐፉ ቢገኝ እህቴም ትታሰር ነበር።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። ሥርዓት ስለምወድ ከአንድ አላሳልፍም፤ ከመጀመሬም በፊት ልክ እንደ ክፍል ውስጥ ያለፈውን እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ ቀድመው የሚመልሱት ኮልፌ ገበያ ቅቤ ይሸጡ የነበሩ እናት ናቸው። የታሰሩት የተሰወረ ልጃቸውን አምጪ ተብለው ነው። ስለ መርማሪዋ የሚከነክናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እስከ መቼ ነው የሙት ልብስ የምትለብሰው? ዘመድ የላትም?»

አንድ ቀን እንደ ልማዴ ጥያቄ ጀመርኩ።

«ሽጉጡን የደበቀው ማነው?»

«ጋሪ ነጂው» አሉ እማማ ጮክ ብለው።

«ሲደብቅ ያየውስ?»

«ሴትዮዋ ናታ።»

በሩ ተበረገደ። አብዮት ጠባቂው መስኮቱ ሥር ቆሞ ሲያዳምጥ ኖሯል። ስብሰባ መስሎታል፤ ሽጉጡም ሴትዮዋም በከተማው ውስጥ ያሉ መስለውታል። መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ማስረዳት ሥራዬ ነበር፤ ያን ቀን ግን አፌ አልከፈት አለኝ። የመለሱትን እማማን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ደግፈው አስገቧቸው። እግራቸው አብጦ ጫማ አይገባበትም። ነጠላ አንጥፈን አጋደምናቸው።

«እማማ፣ ምን ብለው መለሱላቸው?»

«ሴትዮዋ ማን ናት ሲሉኝ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ሞታለች አልኩ። ቀበርኩልሽ።» ቀጥለውም «የልጄን ያልነገርኳቸው፣ የሴትዮሽን እነግራቸዋለሁ?» አሉ።

ከእንግዲህ አላነብም አልኳቸው። ሌሎቹ ግን ምሳው እንደተነሳ ወደ እኔ ተጠጉ፤ እኔም ተሸንፌ በሹክሹክታ ትረካውን ልጀምር ስል እማማ ክንዴን ያዙኝ።

«ሳትጠይቂ?»

ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ሽጉጡን ማን እንደደበቀው ጠየቅኳቸው። ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። በትክክል መለሱ።

ሁለት ምዕራፍ ሲቀረን «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» ተባሉ። ጋቢያቸውን እኔ ላይ ጣል አድርገው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ በራሳቸው እግር ወጡ። ስፈታ ገበያው ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። የቅቤ ቦታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሳቸውን ያየ የለም።

ዛሬም አስተምራለሁ፤ ዛሬም ያለፈውን ሳልጠይቅ አልጀምርም። ሦስተኛውን ክፍል በቅርቡ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አገኘሁት። ጋቢያቸውን ደርቤ በቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ አነበብኩ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ገጽ ካፖርቱን አላወለቀችም።