የባሕሩ ጎረቤት

የባለቤቴ ወንድም በስደት በሚኖርበት ዱሉዝ ከተማ በትራክ ሥራ ደህና ገንዘብ ያዘና ስፔን፣ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ቤት ገዛ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ ፎቶውን በትልቁ ቴሌቪዥን ያሳየን ጀመር። ከቤቱ በታች ነጭ የመዝናኛ ጀልባው ታስራ ትታያለች። ጀልባ ባልን ቁጥር «ያት ነች» እያለ ያርመናል። እኔ እርማቱ ሰልችቶኝ ወደ ኩሽና ልሄድ ተነሣሁ።

ያን ጊዜ እማማ ተናገሩ። በቅርብ ባለችው ዲኬተር ከተማ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ታናሽ ልጃቸው ከሊቢያ ተነሥቶ ያንኑ ባሕር ሲሻገር ሰጥሞ ቀርቷል፤ ሬሳውም አልተገኘም። ሁላችንም ለቅሶው ላይ ተቀምጠን ነበር። ፎቶው ሲማርከን ግን ረሳነው።

«ባሕሩ በመስኮት ይታያል?» አሉት።

«አዎ እማማ፣ ፉል ቪው ነው። አልጋ ላይ ሆነው ያዩታል» አለ በኩራት።

ከቦርሳቸው ከቤተ ክርስቲያን የተረፋቸውን ጧፍ አወጡ። እሱም ለአዲሱ ቤት የመጣ ስጦታ መስሎት በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

«እኔ የልጄን መቃብር አላውቀውም» አሉ። «አንተ ግን ጎረቤቱ ሆነሃል። ስትሄድ መስኮቱ ላይ አብራለትና ነፍስ ይማር በልልኝ። ጀልባህን ስትነዳም ቀስ በል፣ ልጄ። እሱ እዚያ ታች ነው ያለው።»

ጀልባ ነው ያሉት። አላረማቸውም።