አራት ሴንቲ የተጨመረለት ጥድ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ «ቶሎ ቶሎ» ይለዋል፤ ልብሱን ሊወስድ የመጣን ሰው ሁሉ «ቶሎ ቶሎ ይደርሳል» እያለ ስለሚመልስ ነው። ልብሱ ግን አይደርስም፤ የሚቸኩለው ሰውየው ብቻ ነው። ሻይ ሲጠጣ እንኳ አንድ እግሩ በሩ ጋ ነው። እሱ የስፌት መኪናውን ይረግጣል፣ እኔ ታናሽ እህቱ ከጎኑ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ በእጄ እዘመዝማለሁ። ይህን ያህል ዓመት አብሬው ስኖር ተደላድሎ የተቀመጠበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የመንገድ ዳሩ ክፍል ስፌት ቤታችን ነው፤ ማታ እሱ ይተኛበታል። በጓሮ በኩል ያለው የእናታችን ነው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም፤ ማታ እኔም እዚያው ከጎኗ እተኛለሁ። ቀን ቀን የመኪናው ድምፅ እንዳይረብሻት ብለን መካከለኛውን በር እንዘጋዋለን። ከሷ ክፍል ጀርባ፣ ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ቤቱን ስንገዛ አብሮ የመጣ ጥድ ቆሟል።

ባለፈው የነፋስ ወቅት ከዚህ ጥድ አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ጣሪያው ላይ ወደቀ። አንድ ቆርቆሮ ተጣመመ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ወንድሜ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር እግሩን ከመርገጫው ያነሳና በእናታችን ክፍል አቋርጦ ወደ ጓሮ ይሮጣል፤ ዛፉን አንጋጦ ያያል፤ ሲመለስ «ደህና ነሽ?» ይላታል፤ መልሱን ሳይሰማ በሩን ዘግቶ ይወጣል። አንድ ቀን እንዲህ ሮጦ ሲመለስ የደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጦ ገጥሞት አረፈ። «ይህ ዛፍ እናቴን ይገድላታል» ይላል። ቀልድ አልነበረም፤ ነፋሱ ሊመለስ አንድ ወር ከምናምን ነበር የቀረው። እኔም እዚያው ጣሪያ ስር እንደምተኛ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

በመጨረሻ እንጨት ቆራጭ ጠራ። ቆራጩ መጋዙን ተሸክሞ መጣና ዛፉን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ፈቃድ አለህ?» አለው።

«በገዛ ግቢዬ የምን ፈቃድ?»

«ግቢው ያንተ ነው። ዛፉ ላይ ግን ማዘጋጃ ቤትም ያገባዋል። አምና ያለፈቃድ ቆረጥክ ብለው መጋዜን ወስደውብኝ፣ ሦስት ሳምንት እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ» አለና መጋዙን እንደተሸከመ ሄደ።

ወንድሜ ያን ቀን ምሳም አልበላም። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አራት ገጽ ደንብና አንድ ቅጽ ይዞ ተመለሰ። ደንቡን ቆሞ ነው ያነበበው፤ ያውም የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ። በግል ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍም ቢሆን፣ ግንዱ በደረት ከፍታ ሲለካ ዙሪያው ከአንድ ሜትር ከበለጠ ያለፈቃድ አይቆረጥም፤ ባለሙያ ያየዋል፣ ኮሚቴ ይወስናል። ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ ግን ባለቤቱ ያስታውቃል፣ አንድ ሳምንት ይጠብቃል፣ ይቆርጣል።

«ልኬት ከሆነማ የኔ ሥራ ነው» አለና ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳብ አድርጎ ወጣ። ጥዱን እንደ ደንበኛ ደረቱን ለካው። ቅጹን ሞላ፣ ፈረመ፣ በነጋታው ወስዶ ለጸሐፊዋ ሰጣት።

«አንድ ሜትር ከአንድ ሴንቲ» አለች ጸሐፊዋ አይታው። «ይሄ የኮሚቴ ነው። እስከ ሁለት ወር ይቆያል።»

ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሁለት ወር ማለት ነፋሱ ይቀድመናል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያ አንድ ሴንቲ አልዋጥልኝ አለ። ሜትሩን ይዤ ወጣሁና ለካሁት። ዘጠና ሰባት። ደገምኩት። ያው ዘጠና ሰባት።

«አንድ መቶ አንዱን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«አራት ጨምሬ ነዋ።»

«ለምን ብለህ?»

ሜትሩን ከእጄ ወስዶ አንገቱ ላይ መለሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እንዳይጠበው» አለ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደረት ለክቶ አራት ሴንቲ ሳይጨምር ጽፎ አያውቅም። ሰው ይተነፍሳል፣ እጁን ያነሳል፣ ይወፍራል። እጁ ለጥዱም ያንኑ አደረገለት። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሱ አልሳቀም፤ ኮቱን በአንድ እጅጌ እንዳጠለቀ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሮጠ።

ጸሐፊዋ ታግሣ ሰማችው አሉ። «ጋሼ» አለችው፣ «ደንቡን ከሰማ በኋላ ያልከሳ ዛፍ እዚህ ቢሮ መጥቶ አያውቅም። በፊርማዎ የሰጡትን እኔ አልሰርዝም። ባለሙያው መጥቶ ይለካው።»

ባለሙያው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ እነዚያን ቀናት ለጠላቴም አልመኝም። ወንድሜ መቀመጫው እሾህ ሆነበት። በሳምንት ሦስቴ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል፤ ዘበኛው ሳይፈትሸው ማሳለፍ ጀምሮ ነበር። ሲመለስ ዛፉን በገመድ ከአጥሩ ብረት ጋር ያስረዋል፤ በነጋታው ገመዱ ጎትቶ ይጥለዋል ብሎ ይፈታዋል። ነፋሱም ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ። በቀን አራቴ አምስቴ ይነሳል፣ ወንድሜም አራቴ አምስቴ ይሮጣል። በር ይከፈታል፣ «ደህና ነሽ?»፣ በር ይዘጋል። የሚሰፋው ልብስ ተከመረ። ነገሩ ለእኔም ተጋባብኝና ቁልፍ ስተክል ጣቴን እወጋ ጀመር። እናደድበት ነበር፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል።

ባለሙያው አንድ ጠዋት መጣ፤ ጫማው ጭቃ የለበሰ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ለካና «ዘጠና ሰባት ተኩል» አለ። ግንዱን እያንኳኳ ዞረው፣ ሥሩን በጫማው ጫፍ ጫር ጫር አደረገ፣ ሽቅብ ብዙ ቆይቶ አየ።

«ከሜትር በታች ስለሆነ መቁረጥ ይችላሉ» አለው ወንድሜን። «ግን ዛፉ ጤነኛ ነው፣ አይወድቅም። ያን ጊዜ የወደቀብዎት የደረቀ ቅርንጫፍ ነው። ከጣሪያው በላይ ያንዣበቡ ሁለት ሌሎች ደረቆች አሉ፤ እነሱን ያስወርዷቸው።»

«ለነሱስ ፈቃዱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ደረቅ ቅርንጫፍ ለማውረድ ፈቃድ አያስፈልግም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስተኛውን ገጽ እኔም አላነበብኩትምና ዋጥኩት።

ሰውየው የተጣመመውን ቆርቆሮ ከውስጥ ላየው አለ፤ እናታችን ክፍል አስገባነው። ሰላም አላት። ከአልጋዋ በላይ ያለውን ጣሪያ አየ፣ ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ስፌት ቤቱ አየ።

«ዛፉ ያኛው ክፍል ድረስ ይደርሳል?»

«አይደርስም፣ ሩቅ ነው» አለ ወንድሜ።

«እዚያ ምንድን ነው ያለው?»

«የስፌት መኪናዬ።»

ሰውየው ሌላ አልጠየቀም። ያን ሁሉ ጊዜ ምንም በማይነካው ክፍል ውስጥ ያስቀመጥነው መኪናውን ነበር። ቅጽ ሞልተናል፣ ኮሚቴ ጠብቀናል፣ ዛፍ በገመድ አስረናል፤ አልጋዋን ስምንት እርምጃ መግፋት ግን ለሁለታችንም አልመጣልንም። አፈርኩ፤ ይህን ስጽፍም አፍራለሁ።

ባለሙያው እንደወጣ አልጋውን ከነእናታችን ገፋነው። የጨርቁን ጥቅል ሁሉ ወደ ጓሮው ክፍል አዛወርን፤ እሷ ከመኪናው ጎን መስኮቱ ስር ገባች። ደንበኛ ሲገባ ሲወጣ እንዳታፍር ወንድሜ እዚያው መጋረጃ ሰፋላት። ቀጠሮ ሳይሰጥበት ያደረሰው ስፌት እሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ጥዱ በጓሮ ሲያፏጭ ሰማን። ወንድሜ እግሩን ከመርገጫው አንስቶ ብድግ አለ፤ የት እንደሚሄድ ግን ግራ ገባው።

«ቁጭ በል ልጄ» አለችው እናታችን።

«እዚያ ብቻሽን ሆነሽ ነፋስ ሲነሳ ፈርተሽ ነበር አይደል፣ እማዬ?»

«የምን ፍርሃት» አለች። «አንተ ብቅ የምትለው ነፋስ ሲነሳ ብቻ ነው። ጸጥ ያለ ቀን ሲሆንብኝ፣ ምነው ዛሬስ አይነፍስም እያልኩ እለምን ነበር።»

ወንድሜ ተቀመጠ። መኪናውን ግን መርገጥ አልቻለም።